ዙላ፦ በተራራና በባሕር መካከል

በታሪክ ክፍለ ጊዜ መቅደላ ሲነሳ ሁላችንም ቀና እንላለን። ዙላ ሲባል ግን እርስ በርሳችን እንተያያለን። የት ናት? ከምጽዋ በስተደቡብ፣ በአንድ በኩል የአካለ ጉዛይ ተራሮች፣ በሌላው በኩል ቀይ ባሕር ያሉባት፣ ዛሬ በኤርትራ ውስጥ የምትገኝ ጸጥ ያለች የሳሆ መንደር ናት። በእግራችን አልረገጥናትም፤ ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብለን ነው የጎበኘናት።

ከመንደሯ አጠገብ የጥንቷ አዱሊስ ፍርስራሽ አለ። በ1ኛው መቶ ዘመን ስለ ቀይ ባሕር ንግድ የጻፈው ስሙ ያልታወቀ ግሪካዊ፣ አዱሊስንም «መንደር» ነው ያላት። ከዚያች መንደር ግን የዝሆን ጥርስና የአውራሪስ ቀንድ ይወጣ ነበር፤ ጨርቅ፣ ብረትና ወይን ጠጅ ይገባ ነበር። እስከ አክሱም የ8 ቀን መንገድ ነው ይለናል። በ6ኛው መቶ ዘመን ደግሞ ዐፄ ካሌብ ወደ ሂምያር ለመዝመት ሲሰናዱ፣ ኮስማስ የተባለ ነጋዴ በትእዛዛቸው እዚያ የነበረ የድንጋይ ጽሑፍ ገለበጠ። ድንጋዩ ጠፍቷል፤ ዛሬ የምናነበው ግልባጩን ነው።

ወደቡ ከሞተ ከ1000 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በጥቅምት 1867 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር ዙላ ወረደ። የጭነት መርከቦች መጡ፣ 44 ዝሆኖች ከሕንድ መጡ፣ እስከ ኩማይሊ ድረስ የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ። የሚጠጣ ውሃ ቢጠፋ የባሕሩን ውሃ እያፈሉ ጨዉን ይለዩ ነበር፤ ያም ሆኖ ብዙ በቅሎ በጥም አለቀ።

ታዲያ እኛ የተማርነው ታሪክ ሚያዝያ 1868 መቅደላ አምባ ላይ፣ በቴዎድሮስ ሽጉጥ ያበቃል። ግን አላበቃም! የተዘረፈው ብራና ቁልቁል ወርዶ ዙላ ደረሰ። የ7 ዓመቱ ልጅ ዓለማየሁም፣ እናቱ በመንገድ ሞታበት፣ በሰኔ ከዚያው ወደብ ተሳፈረ። በ1879 እንግሊዝ አገር ሞቶ ዊንድሰር ተቀበረ። ከአገሩ ምድር መጨረሻ ያያት እንግዲህ ይህችን ዳርቻ ነው። ሐዲዱም ተነቅሎ ተጫነ፤ ዙላም ጸጥ አለች።

እኛን የቆጨን ይህ ነው። ባነበብነው መጽሐፍ የዝሆኑ ቁጥር አለ፤ የመርከቡ ስም አለ፤ የአንድ የዙላ ሰው ስም ግን አላገኘንም። ውሃው ሲያልቅ እነሱ ምን ጠጡ? ያ ሁሉ ጭነት ሲያልፍ ምን አሉ? «ጸጥ ያለች መንደር» ማለት የሚነገር የሌላት ማለት አይደለም፤ ምናልባት የጠየቃት የለም ይሆናል። ጓዶች፣ ከመካከላችን አንዱ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ቢቸግረው፣ ከመቅደላ አናት ወርዶ ባሕሩ ዳር ቢጀምርስ?