«ፕራይሜት»፦ አንድ ቃል በጳጳሳት መንበርና በአንኮበር ገደል

በላቲን ቋንቋ «ፕሪሙስ» ማለት ፊተኛ ወይም አንደኛ ማለት ሲሆን፣ ከዚሁ የተገኘው «ፕሪማስ» (በብዙ ቁጥር «ፕሪማቴስ») በማዕርግ ከሌሎች የሚቀድመውን ያመለክታል። ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ ገብቶ «ፕራይሜት» ሲባል ሁለት ነገሮችን ይጠራል፤ በቤተ ክርስቲያን በአንድ ሀገር ካሉት ጳጳሳት መካከል የቀዳሚነት መንበር የያዘውን አባት፣ በእንስሳት ጥናት ደግሞ ሰውን፣ ዝንጀሮን፣ ጦጣን፣ ጉሬዛንና ዘመዶቻቸውን በአንድነት የሚይዘውን ክፍለ መደብ። አማርኛ ሁለቱን በአንድ ቃል ጠርቶ አያውቅም። ይህም የቃል ድህነት እንዳልሆነ፣ ይልቁንም «መቅደም» የሚለው ሐሳብ በየቦታው የተለየ ትርጉም እንዳለው የሚያሳይ ጥንቃቄ እንደሆነ፣ የሰሜን ሸዋ ታሪክና ተፈጥሮ በሚገባ ያስረዳሉ።

ከሁለቱ ፍቺዎች ቀዳሚው የቤተ ክርስቲያኑ ነው። በጥንቱ የሰሜን አፍሪካ ቤተ ክርስቲያን፣ ከካርታጎ አውራጃ በቀር፣ «ፕሪማስ» የሚባለው በትልቅ ከተማ የተቀመጠው ሳይሆን በሹመት ዘመኑ ከሁሉ የሚበልጠው ጳጳስ ነበር፤ ስለዚህም «ሴኔክስ»፣ ማለትም ሽማግሌው፣ እየተባለ ይጠራ ነበር። የግእዙ «ሊቅ»ም «ልህቀ»፣ አደገ ወይም አረጀ፣ ከሚለው ግሥ የወጣ በመሆኑ፣ «ሊቀ ጳጳሳት» የሚለው ማዕርግ በሥሩ የዕድሜና የብስለት ቀዳሚነትን ይዟል። በምዕራቡ ዓለም ግን ቀዳሚነት ቀስ በቀስ ከሰውየው ወደ ከተማው ዞረ፤ በእንግሊዝ የካንተርበሪውና የዮርኩ ሊቃነ ጳጳሳት ለረጅም ዘመን ከተሟገቱ በኋላ የመጀመሪያው «የመላው እንግሊዝ»፣ ሁለተኛው «የእንግሊዝ» ፕራይሜት ተብለው እስከ ዛሬ ይጠራሉ፤ ልዩነቱም «የመላው» የምትለው አንዲት ቃል ናት።

በኢትዮጵያ ጥያቄው ሌላ መልክ ነበረው። በ4ኛው መቶ ዘመን ፍሬምናጦስ፣ በቤተ ክርስቲያን ስሙ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን፣ በእስክንድርያው አትናቴዎስ ከተሾመ ጀምሮ የሀገሪቱ ቤተ ክርስቲያን አለቃ «አቡን» እየተባለ ከግብፅ ሲላክ ኖሯል። «አቡነ» በግእዝ «አባታችን» ማለት ነው፤ ቀዳሚነቱ የተገለጸው በቁጥር ወይም በተራ ሳይሆን በአባትነት ነው። ፍትሐ ነገሥት ደግሞ፣ በኒቅያ ጉባኤ ስም የተነገረ ነገር ግን ከጉባኤው በኋላ የተጻፈ ቀኖና ተከትሎ፣ ኢትዮጵያውያን ከራሳቸው ሊቃውንት መካከል ፓትርያርክ እንዳይሾሙ ይከለክላል፤ አባታቸውም በጉባኤ የሚቀመጥበትን ወንበር ሰባተኛ ያደርገዋል።

ይሁንና መንበሩ ከውጭ ቢሾምም የመጨረሻው ቃል ሁልጊዜ የውጭ አልነበረም። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በ1450 እ.ኤ.አ.፣ በተጉለት በነበረው በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሲደረግ፣ ከግብፅ የመጡት አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤል የደቂቀ ኤዎስጣቴዎስን፣ ማለትም የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ተከታይ መነኮሳትን፣ አቋም ተቀብለው ቀዳሚት ሰንበት ከእሑድ ጋር እንድትከበር ተስማሙ፤ ይህም ከእስክንድርያ ልማድ የራቀ ውሳኔ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ያው ንጉሥ ደብረ ብርሃንን መናገሻው አደረጋት። የማዕርግ ፊተኛና የውሳኔ ፊተኛ አንድ ሰው አለመሆናቸውን ከዚህ ጉባኤ በላይ የሚያሳይ ማስረጃ ለማግኘት ያስቸግራል።

ከአራት መቶ ዓመታት በኋላም ነገሩ በሸዋ ተደገመ። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በአንኮበር ተቀምጦ ሸዋን ሲገዛ፣ በ1841 እ.ኤ.አ. ከግብፅ ከመጡት አቡነ ሰላማ ጋር ስለ ክርስቶስ በሚነገረው የሦስት ልደት ትምህርት ምክንያት ተጋጭቷል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1881 እ.ኤ.አ. አራት ጳጳሳት ሲያስመጡ ቀዳሚው አቡነ ጴጥሮስ ነበሩ፤ አቡነ ማቴዎስ ለሸዋ ተመደቡ። ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወድቀው ዘውዱ ወደ ሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ሲዞር ግን የሸዋው ጳጳስ በ1889 እ.ኤ.አ. በእንጦጦ ቀብተው አነገሡ፤ ቀዳሚነቱም ወደ እሳቸው ዞረ። መንበሩ ዙፋኑን ተከተለ ማለት ነው። በመጨረሻ በሸዋ የተወለዱት አቡነ ባስልዮስ በ1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳሳት፣ በ1951 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያው ፓትርያርክ ሆኑ። የዛሬው የፓትርያርኩ ማዕርግ «ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዘኢትዮጵያ፣ ሊቀ ጳጳስ ዘአክሱም ወእጨጌ ዘመንበረ ተክለ ሃይማኖት» እያለ ራስነትን፣ ሊቅነትንና የገዳም አባትነትን በአንድ ሰው ላይ ያጋጥማል፤ «ፕራይሜት» በሚለው ብቻ ይህ ሁሉ ሊገለጥ አይችልም።

የእንስሳት ጥናቱ ፍቺ የ18ኛው መቶ ዘመን ሥራ ነው። ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ በ1758 እ.ኤ.አ. ባሳተመው 10ኛው የ«ሲስተማ ናቱሬ» እትም ጡት አጥቢዎችን በክፍለ መደብ ሲያደራጅ፣ ሰው ያለበትን ቡድን «ፕሪማቴስ»፣ ፊተኞቹ፣ ብሎ ከሁሉ በላይ አስቀመጠው። ከሰውና ከዝንጀሮ ጋር ሌሙርንና የሌሊት ወፍን ጨምሮ ነበር፤ የሌሊት ወፍ በኋላ ወጥታለች። ፊት ለፊት የሚያዩ ዓይኖች፣ በሹል ጥፍር ፈንታ ጠፍጣፋ ጥፍር፣ የሚጨብጥ እጅና ከአካል መጠን አንጻር ትልቅ አንጎል ዛሬ የክፍለ መደቡ መለያዎች ተደርገው ይወሰዳሉ። ስሙ የማዕርግ ፍርድ ይዞ የተወለደ ቢሆንም፣ የዘመኑ ሥነ ሕይወት አንዱን ፍጥረት ከሌላው በላይ አድርጎ አይሰልፍም፤ ስሙ ቀረ፣ ፍርዱ ተተወ።

በዚህ ረገድ ኢትዮጵያ ለጥናቱ ስም ያዋሰች ሀገር ናት። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፕል በ1835 እ.ኤ.አ. ሁለት ዝርያዎችን ሲገልጽ ሀገርኛ መጠሪያቸውን በሳይንሳዊ ስማቸው ውስጥ አኖረ፤ አንደኛው «ኮሎበስ ጉሬዛ»፣ ሁለተኛው ዛሬ «ቴሮፒቴከስ ገላዳ» የሚባለው ጭላዳ ዝንጀሮ ነው። በጭላዳ ወገን (ቴሮፒቴከስ) ያሉት ሌሎች ዝርያዎች ከምድር ጠፍተው በቅሪተ አካል ብቻ ሲታወቁ፣ እሱ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ይኖራል፤ ከመኖሪያዎቹም የአንኮበርና የደብረ ሲና ገደሎች እንዲሁም የመንዝ ጓሳ ይገኙበታል። ሌሊት ገደል ላይ ያድራል፤ ጧት ወጥቶ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ፣ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ሣሩን አንድ በአንድ እየነቀለ ይበላል። ጓሳ የሚባለው ሣር ለሰውም የቤት ክዳን ነውና፣ የመንዝ ሕዝብ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በጋራ ሥርዓት ጠብቆ ያቆየው ምድር ጭላዳንም አቆይቷል።

እዚህ ላይ አማርኛ የራሱን «ፊተኛ» ያመጣል፤ ቃሉም «አውራ» ነው። የመንጋውን መሪ ወንድ አውራ ይለዋል፤ አውራ ዶሮ፣ አውራ ጎዳና፣ አውራ ጣት እንደሚባለው ሁሉ። ሣሩን የሚነቅለው ጣት፣ የክፍለ መደቡ ዋና መለያ የሆነው የእጅ አጨባበጥ መሠረት፣ በአማርኛ የአለቃነት ስም ይዟል። ነገር ግን የጭላዳው አውራ በቦታው አይጸናም፤ ሌላ ወንድ መጥቶ ሊነቅለው ይችላል፣ ቤተሰቡን ሳይበተን የሚያቆዩት ግን በተወለዱበት ቡድን የሚቀሩት እናቶች፣ እኅትማማቾችና ሴት ልጆች ናቸው። አውራነት እዚህ በሹመት አይገኝም፣ በአባትነት ስምም አይጠራም።

ስለዚህ ተርጓሚ ለሁለቱ ፍቺዎች አንድ የአማርኛ ቃል መፈለግ የለበትም። የካንተርበሪውን ፕራይሜት «ፓትርያርክ» ማለት ስሕተት ነው፤ «ቀዳሚው ሊቀ ጳጳሳት» ቢባል ይበቃል። ክፍለ መደቡን «ቀዳማውያን» ብሎ መተርጎምም ሳይንሱ የተወውን የማዕርግ ፍርድ መልሶ ማስገባት ስለሆነ «ፕራይሜት» እንዳለ ቢቀመጥ ይሻላል። የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆችም ለሰሜን ሸዋ ተማሪ ይህን ባዕድ ቃል ሲያስተዋውቁ፣ የሩቅ ሀገር ጎሪላ ሥዕል ከማስቀደማቸው በፊት፣ ልጁ በገደሉ አፋፍ በየዕለቱ የሚያየውን ጭላዳ በስሙ ጠርተው ይጀምሩ።