የልጆች ጥርስ መበለዝና የመጠጥ ውሃ

በስምጥ ሸለቆ፣ በተለይም በወንጂ፣ በመቂና በዝዋይ አካባቢ የብዙ ልጆች ቋሚ ጥርስ ቡናማ መልክ ይዞ ይበቅላል። አንዳንድ ወላጆች ልጁ ጥርሱን ባለመፋቁ የመጣ አድርገው ይገሥጹታል፤ እርሱም ሲስቅ አፉን በእጁ መሸፈን ይለምዳል። ጥፋቱ ግን የልጁ አይደለም። መንስኤው በከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ፍሎራይድ የተባለ ንጥረ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር የመጠጥ ውሃ ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ቋሚ ጥርሶች ከድድ ሥር የሚሠሩት በአብዛኛው እስከ 8 ዓመት ዕድሜ በመሆኑ ጉዳቱ የሚደርሰው ጥርሱ ከመታየቱ አስቀድሞ ነው።

ውሃን ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያስወግድም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን ክምችቱ ይጨምራል። ስለሆነም ቢያንስ ለትናንሽ ልጆች መጠጥና ምግብ ማብሰያ ፍሎራይዱ የተቀነሰለትን ወይም በንጽሕና የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ መጠቀም ይገባል።

የበለዘን ጥርስ በከሰል ወይም በአሸዋ መፈግፈግ ሽፋኑን ይጎዳል እንጂ ቀለሙን አያስለቅቅም። መልኩን ማስተካከል የሚቻለው በጥርስ ሐኪም ነው። ከሌሎቹ ተለይቶ የጠቆረው አንድ ጥርስ ብቻ ከሆነ ግን ምክንያቱ ምት ወይም መቦርቦር ሊሆን ስለሚችል ልጁን ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል።