በአንድ ስም የተጣሉ በጎ ፈቃደኞች

ፋየርፎክስ የሚባለውን ብራውዘር ታውቁት ይሆናል፤ ያ ሉሉን በጅራቱ የጠቀለለው ብርቱካናማ ቀበሮ። (ለነገሩ ፋየርፎክስ የቀይ ፓንዳ ሌላ ስሙ ነው፤ ሎጎው ላይ ያለው ግን ቀበሮ ነው የሚመስለው።) ስሙ ከየት እንደመጣ ግን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ታሪኩ የሚጀምረው ከቀበሮ ሳይሆን ከወፍ ነው።

ብራውዘሩ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲወጣ ስሙ ፊኒክስ ነበር። በዚሁ ስም የሚጠራ አንድ ኩባንያ ቅሬታ አቀረበና በሚያዝያ 2003 ስሙ ተቀይሮ ፋየርበርድ ተባለ። ለካ ይሄም ባለቤት ነበረው! ቦርላንድ የተባለው ኩባንያ በ2000 የኢንተርቤዝን ኮድ ለሁሉም ክፍት ሲያደርግ፣ ያንን ኮድ ወስደው የዳታቤዝ ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች ሥራቸውን ፋየርበርድ ብለው ሰይመውት ነበር። እነሱም እንደ ሞዚላዎቹ ኮዳቸውን በነፃ የሚሰጡ ናቸው።

አንድ ስም ይሄን ያህል ምን ያጣላል ትሉ ይሆናል። እስቲ አስቡት። የኦፕን ሶርስ ኮድ ማንም ሊቀዳው ይችላል፤ የተጻፈው ለዚያ ነው። የማይቀዳው ስሙና በስሙ ላይ ያለው እምነት ነው። ስለ ዳታቤዙ እርዳታ ፈልጎ ኢንተርኔት ላይ የሚያስስ ሰው የብራውዘር ዜና ብቻ ከወጣለት፣ ትንሹ ፕሮጀክት ከሰው ዓይን ጠፋ ማለት ነው።

ታዲያ ምን አደረጉ? ፌስቡክም ትዊተርም ገና አልተፈጠሩም። ደጋፊዎቻቸው ለሞዚላ ሰዎች እንዲጽፉ ጥሪ አቀረቡ፤ የኢሜይል ሳጥኖችና የውይይት መድረኮች በተቃውሞ ተጥለቀለቁ። በእኔ ግምት ዘዴው ደስ አይልም፤ እንዲህ ያለው ጎርፍ ስሙን ያልመረጠውን ሰውም ያጥለቀልቃልና። ጥያቄያቸው ግን ትክክል ነበር። በየካቲት 2004 ብራውዘሩ ፋየርፎክስ ተባለ።

አሁን ደግሞ ተራው የሞዚላዎቹ ሆነ። በዚያን ጊዜ ኢንተርኔት ከሚጠቀሙ አሥር ሰዎች ዘጠኙ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣውን ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ነበር የሚከፍቱት። ሞዚላ ፋውንዴሽን ከተቋቋመ ገና አንድ ዓመት ቢሆነው ነው፤ የማስታወቂያ በጀት ከየት ይምጣ? ያለው ሰው ብቻ ነው። በመስከረም 2004 ብሌክ ሮስና ኤሳ ዶትዝለር "ስፕሬድ ፋየርፎክስ" የሚል ዘመቻ ጀመሩ። ተሳታፊው የፋየርፎክስን ምልክት በራሱ ድረ ገጽ ላይ ይለጥፋል፤ ምልክቱን የሚጫን ሰው ሲገኝ ነጥብ ይያዝለታል። በ10 ቀን 1 ሚሊዮን ጊዜ እንዲወርድ ነበር ያቀዱት፤ 10 ቀን ሳይሞላ ደረሱበት።

ከዚያ የመጣው ሐሳብ ግን ድፍረት ይጠይቃል፦ ከተጠቃሚዎች ገንዘብ ሰብስቦ ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ማስታወቂያ ማውጣት። ወደ 10,000 የሚጠጉ ሰዎች አዋጡ፤ ወደ 250,000 ዶላር ተሰበሰበ። ማስታወቂያው ፋየርፎክስ 1.0 ከወጣ ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 2004 በሁለት ሙሉ ገጽ ታተመ። ገንዘብ ያዋጡት ሰዎች ስም በጥቃቅን ፊደላት ተደርድሯል። የራሱን ስም ለማግኘት ጋዜጣውን ዓይኑ ላይ ለጥፎ የፈለገ ሰው አይጠፋም። ከሁሉ የምወደው ይሄንን ነው፤ የታዋቂ ሰው ፎቶ ቢያወጡ ኖሮ አንባቢው እንደ ማንኛውም ማስታወቂያ ገልብጦት ያልፍ ነበር።

ከዚያ በኋላማ ጨዋታው ቀጠለ። በ2006 የኦሪገን ተማሪዎች እርሻ ውስጥ ሰብሉን እየረገጡ ግዙፍ የፋየርፎክስ ሎጎ ሠሩ። በሰኔ 2008 ፋየርፎክስ 3 በ24 ሰዓት ውስጥ 8,002,530 ጊዜ ወርዶ የጊነስ ክብረ ወሰን መዝገብ ውስጥ ገባ።

ፋየርበርድስ? ዳታቤዙ ዛሬም በዚያው ስሙ ይሠራል።