የብየዳ ሙያ፦ ሥልጠናና የብቃት ምዘና

በብየዳ ሙያ ለመሰማራት ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው መደበኛ ሥልጠና ነው፤ በልደታ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ተግባረ ዕድ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ከአገሪቱ አንጋፋ የሙያ ማሠልጠኛዎች አንዱ ነው። ሁለተኛው በብረታ ብረት ወርክሾፕ በሥራ ላይ መማር ነው። በዚህ መንገድ ሙያውን የቀሰሙ ዜጎች የሥልጠና ማስረጃ ባይኖራቸውም የሙያ ብቃት ምዘና (ሲ.ኦ.ሲ.) መውሰድ ይችላሉ። ምዘናው የንድፈ ሐሳብና የተግባር ፈተናን ያካትታል፤ ብቁ ሆኖ የተገኘ ተመዛኝ በተመዘነበት ደረጃ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። ያለዚህ ማስረጃ የዓመታት ልምድን ለአዲስ ቀጣሪ ማረጋገጥ አዳጋች ነው።

ጀማሪዎች ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ የብየዳ ማስክና የቆዳ ጓንት ሊጠቀሙ ይገባል፤ የብየዳ ጨረር በዓይን ላይ የሚያደርሰው ሕመም የሚሰማው ከሰዓታት በኋላ ነውና።

ለዝርዝር መረጃ በሚኖሩበት ወረዳ የሚገኘውን የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ።