የሐኪሙ አሽከር
የስለላ ታሪክ ጠቋሚዎችና መታጠፊያዎች በጎንደር

በአማርኛ የሥነ ጽሑፍ ሒስ የአንድ ተውኔት ወይም ፊልም የድርጊት ሰንሰለት «ሴራ» ይባላል። ይኸው ቃል በዕለት ተዕለት ንግግር በስውር የሚጠነሰስ ተንኮል ማለት ነው። በሌላው የተውኔት ዓይነት የቃሉ መመሳሰል እንደ አጋጣሚ ሊታይ ይችል ይሆናል፤ በስለላ ፊልም ግን ሁለቱ ፍቺዎች ተዋሕደው ይገኛሉ። የታሪኩ አካሄድ ራሱ ዱለት ነው፤ ተመልካቹም ሰሙን እያየ ወርቁን የሚፈልግ የቅኔ ተማሪ ይሆናል።

ቅኔ ያስተማሩ የጎንደር ሊቃውንት ጠንቅቀው እንደሚያውቁት፣ ወርቁ ከሰሙ ውጭ ከሌላ ቦታ ተፈልጎ የሚመጣ አይደለም። ኅብረ ቃሉ ከመጀመሪያው በሰሚው ጆሮ ላይ ይወድቃል፤ ሰሚው ግን በአንድ ወገን ብቻ ተርጉሞት ያልፋል። የስለላ ፊልም ጠቋሚ ምልክትም በዚሁ ሕግ ይገዛል። አልፍሬድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1938 በሠራው «እመቤቲቱ ጠፋች» በተሰኘው ፊልም፣ በባቡር ውስጥ አንዲት መነኩሴ በሽተኛ ስትጠብቅ ትታያለች። የምንኩስና ልብሷ ሙሉ ነው፤ ከቀሚሷ በታች ግን ረጅም ተረከዝ ያለው ጫማ ተጫምታለች። መነኩሴ አለመሆኗ የሚታወቀው በዚያ ጫማ ነው። በሌላ በኩል ታቲያና ሊኦዝኖቫ እ.ኤ.አ. በ1973 ያዘጋጀችው፣ አሥራ ሁለት ክፍል ያለው የሶቪየት የቴሌቪዥን ፊልም «የጸደይ አሥራ ሰባት ቅጽበቶች» ጀግናው ሽቲርሊትስ ማን እንደሆነ ለተመልካቹ ከመነሻው ይነግረዋል። የራዲዮ ማስተላለፊያ በያዘ ሻንጣ ላይ የጣት አሻራው ሲገኝ ተመልካቹን የሚያስጨንቀው «ይህ ሰው ማነው?» የሚለው ጥያቄ አይደለም፤ «ጠላት ደርሶበት ይሆን?» የሚለው ነው።

የጎንደር ታሪክ ከዚህ ከሁለተኛው ዓይነት የሚመደብ አንድ እውነተኛ ሴራ አለው። ክብደቱን ለመመዘን ግን ከበስተኋላው ያለውን ዘመን ማስታወስ ያስፈልጋል። ዐፄ ሱስንዮስ የኢየሱሳውያንን ትምህርት ተቀብለው የካቶሊክን እምነት የመንግሥት ሃይማኖት በማድረጋቸው አገሪቱ በእርስ በርስ ጦርነት ታመሰች፤ በሺህ የሚቆጠር ወገን አለቀ። በ1624 ዓ.ም. ንጉሡ የቀድሞው እምነት እንዲመለስ አውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለዐፄ ፋሲል ለቀቁ። ጎንደርን የቆረቆሩት ዐፄ ፋሲል ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ፤ ከምጽዋና ከሱዋኪን ገዢዎች ጋር ተስማምተውም የአውሮፓ ካህናት የሚገቡበትን በር ዘጉ። ስለዚህ በዚያ ዘመን ተሰውሮ የሚገባ አንድ ካህን የደም ትዝታን ቀስቃሽ ነበር።

በዐፄ ፋሲል የልጅ ልጅ በቀዳማዊ ዐፄ ኢያሱ ዘመን ንጉሡ በቆዳ ሕመም ተያዙ። ሐጂ አሊ የተባለው ወኪላቸው ሐኪም ይዞ እንዲመጣ ወደ ካይሮ ተላከ። በዚያ የነበረው የፈረንሳይ ቆንስል ማዬ ቻርልስ ፖንሴ የተባለውን ፈረንሳዊ ሐኪም አቀረበለት። በሰኔ 1690 ዓ.ም. ጉዞ ሲጀመር ከሐኪሙ ኋላ «ዮሴፍ» የሚባል አሽከር ይከተል ነበር። ይህ አሽከር ብሬቬዳን የተባለ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ነው።

የሽፋኑን አሠራር ልብ ማለት ያሻል። ንጉሡ በእውነት ታመዋል፤ ፖንሴም በእውነት ሐኪም ነው፤ ሐጂ አሊም በእውነት መልእክተኛ ነው። በዚህ ሁሉ እውነት መካከል የተሰካችው ሐሰት አንዲት ብቻ ናት፤ እርሷም የተቀመጠችው ማንም ትኩር ብሎ በማያይበት ቦታ፣ በአሽከር ላይ ነው። ጌታና ሎሌ በተለየበት ሥርዓት ሰው የሚመረምረው ጌታውን ነው፤ ዕቃ የሚሸከመውን፣ በቅሎ የሚጭነውን ማንም ስሙን አይጠይቅም። የፊውዳሉ ኅብረተሰብ ዐይን የሚያይበትና የማያይበት ስፍራ ለሰላይ መንገድ ከፋች ነበር። ይህን ታሪክ ለመድረክ ወይም ለፊልም የሚያበቃ ደራሲ ጠቋሚ ምልክቱን ሊተክል የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ አሽከሩ ጭነት ሲያነሣ በሚታየው እጁ፣ ወይም ሌሎች በሚያወሩበት ሰዓት በሚመርጠው ዝምታ።

ቅፍለቱ ዓባይን ተከትሎ፣ በረሃውን አቋርጦ፣ በዶንጎላና በፎንጆች ከተማ በስናር በኩል ደጋውን ያዘ። ከአንድ ዓመት በላይ ተሰውሮ የቆየው ምስጢር ሊፈጸም ጥቂት ቀርቶት ሳለ መታጠፊያው መጣ። በሐምሌ 1691 ዓ.ም. ብሬቬዳን ከጎንደር ብዙም በማትርቀው ባርኮ በተባለች ስፍራ ታሞ ሞተ። ፖንሴ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጎንደር ገባ። የሚደብቀው ሰው አልነበረውም፤ የተደበቀበት ሙያ ግን አብሮት ነበር። ዐፄ ኢያሱን አክሞ አዳነ፤ ቤተ መንግሥቱንና ከተማውን ተመልክቶ በሚያዝያ 1692 ዓ.ም. በምጽዋ በኩል ለመመለስ ተነሣ። ሽፋን የነበረው ሕክምና ዋና ቁም ነገር ሆነ፤ ዋና ዓላማ የነበረው ስብከት ከባርኮ አፈር በታች ቀረ።

ብሬቬዳን በሕይወት ቢገባና ማንነቱ ቢገለጥ ምን ይከተል እንደነበር የኋላው ታሪክ ፍንጭ ይሰጣል። በዐፄ ዮስጦስ ዘመን ጎንደር የገቡት ሦስት ፍራንሲስካውያን ካህናት፣ ሊቤራቶ ቫይስ፣ ሚካኤል ፋሶሊና ሳሙኤል ማርዞራቲ፣ ዮስጦስ ካለፉ በኋላ በየካቲት 1708 ዓ.ም. በዚያው በጎንደር በድንጋይ ተወግረው ተገደሉ።

ታሪኩ ግን ሁለተኛ መታጠፊያ አለው። ንጉሡ ወደ ፈረንሳይ የላኩት መልእክተኛ ሙራድ ካይሮ ሲደርስ፣ ሐኪሙን መርጦ የሰደደው ያው ቆንስል ማዬ ተጠራጠረው፤ የያዘውን ደብዳቤ ካላየሁ አለ፤ ሙራድም ፈረንሳይ ሳይደርስ ቀረ። ፖንሴ ፓሪስ ገብቶ መጀመሪያ በክብር ቢታይም፣ የጻፈውን የጉዞ ትረካ የሚጠራጠሩ ብዙዎች ተነሡ። ከፈረንሳይ ወደ ዐፄ ኢያሱ የተላከው ዱ ሩል ደግሞ በ1698 ዓ.ም. ስናር ላይ ተገደለ። ከሰባ ዓመት በኋላ፣ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ለፖንሴ እውነተኛነት ተከራከረ፤ ብሩስም አገሩ ተመልሶ የራሱን ሲናገር ብዙዎች አላመኑትም።

እንግዲህ ሐሰተኛው አሽከር ከካይሮ እስከ ባርኮ ሲታመን፣ እውነተኛው ምስክር በገዛ አገሩ ሐሰተኛ ተባለ። የዚህ ሴራ ወርቅ ይህ ነው። ለመሸፈን ብሎ የተጠነሰሰ ነገር የሸፈነውን ብቻ አጥፍቶ አያበቃም፤ አጠገቡ ያለውን እውነትም ያጠቁረዋል። አንድ ጊዜ በአሽከር ልብስ ካህን ከታየ ወዲህ እውነተኛው አሽከር፣ እውነተኛው ሐኪም፣ እውነተኛው መልእክተኛ ሁሉ ተጠርጣሪ ነው።

የአገራችን ፊልምና ተውኔት የስለላ ታሪክ ሲያምረው ሽጉጥ፣ ጥቁር መነጽርና የሚሳደድ መኪና መፈለግ ይቀናዋል። ዛሬ ማራኪ ባለው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚማር ወጣት ግን ወደ ፋሲል ግቢ ወርዶ በዐፄ ኢያሱ ቤተ መንግሥት ፊት ቢቆም፣ ሴራው የሚጠናቀቅበትን መድረክ ያገኘዋል። የሚቀረው ታሪኩን በማን ዐይን እንደሚያሳይ መወሰን ነው። ምናልባት የሚሻለው የሐጂ አሊ ዐይን ይሆናል። ንጉሡን የሚያድን ሰው ፍለጋ የሄደው፣ አንድ ዓመት ሙሉ ከአሽከሩ ጋር አንድ መንገድ የተጓዘው፣ ባርኮ ላይ የአንድ አሽከር ሞት የሐኪሙን ፊት እንዴት እንዳጠቆረው ሊመለከት የሚችለው እርሱ ነውና።