የቤት ውስጥ እንክብካቤ ጥራት ምዘና፦ በተዘጋ በር ውስጥ የሚሠራ ሥራ እንዴት ይለካል?

በእንግሊዝ አገር አንዲት ሴት በሁለት ሳምንት ጊዜ ውስጥ ሊረዷቸው ወደ ቤታቸው የመጡትን ሠራተኞች ቢመዘግቡ 32 የተለያዩ ሰዎች ሆኑ። ገላን ከሚያጥብ፣ ልብስ ከሚያለብስ፣ መጸዳጃ ቤት ከሚያደርስ ሰው ጋር መላመድ ጊዜ ይፈልጋል፤ እሳቸው ግን በአማካይ በየቀኑ ከሁለት የሚበልጡ አዳዲስ ፊቶችን ነበር የሚያስተናግዱት። ይህ የተገለጸው የአገሪቱ የእኩልነትና የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን፣ አረጋውያን በቤታቸው የሚያገኙትን እርዳታ አጣርቶ በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ ነው። ምስክርነት ከሰጡት አረጋውያንና ቤተሰቦች ግማሽ ያህሉ በሚደረግላቸው ነገር ረክተው ነበር። ከቀሩት መካከል ግን ምግብና መጠጥ በወጉ የማይደርሳቸው፣ ሲታጠቡ ገመናቸው የማይሸፈንላቸው፣ ገና ሳይመሽ አልጋ ውስጥ እንዲገቡ የሚደረጉ ተገኝተዋል።

እንዲህ ያለውን ጉድለት ሰው ሳይጎዳ በፊት ለመያዝ የሚደረገው ፍተሻ በአማርኛ «የቤት ውስጥ እንክብካቤ ጥራት ምዘና» ቢባል ይስማማዋል። እንግሊዞች አገልግሎቱን «ሆም ኬር» ወይም «ዶሚሲሊያሪ ኬር» ይሉታል። ከ«ግምገማ» ይልቅ «ምዘና» የተመረጠው፣ የመጀመሪያው ቃል ሰው በስብሰባ ፊት የሚወቀስበትን መድረክ ስለሚያስታውስ ነው፤ ሁለተኛውን ግን ትምህርት ቤትም ሆነ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ማዕከል ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል።

በእንግሊዝ ሕግ «የግል እንክብካቤ» የሚባለው መብላትና መጠጣትን፣ መጸዳዳትን፣ መታጠብን፣ መልበስን፣ የአፍን፣ የቆዳን፣ የፀጉርንና የጥፍርን ንጽሕና የሚመለከት እርዳታ ነው። ቤት መወልወልና ገበያ መላክ ብቻውን በዚህ ውስጥ አይገባም። ይህን እርዳታ በሰዎች ቤት የሚሰጥ ድርጅት ኬር ኳሊቲ ኮሚሽን በተባለው ተቆጣጣሪ ዘንድ መመዝገብ አለበት። ተቆጣጣሪው የሚፈትሸው አምስት ነገር ነው፦ አገልግሎቱ ከአደጋ ይጠብቃል ወይ፣ ውጤት ያመጣል ወይ፣ ርኅራኄ አለው ወይ፣ የሰውየውን ፍላጎት ይከተላል ወይ፣ አመራሩስ ደኅና ነው ወይ። በመጨረሻም «እጅግ የላቀ»፣ «ጥሩ»፣ «መሻሻል ያለበት» ወይም «ብቁ ያልሆነ» የሚል ደረጃ ይሰጣል።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሆስፒታል ውስጥ ነርሷ የምትሠራውን ባልደረባዋ፣ ሐኪሙና የጎረቤት አልጋ ታማሚ ያዩታል። በመኖሪያ ቤት ያሉት ብዙ ጊዜ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። መኖሪያ ቤት የግል ስለሆነ መርማሪው ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ገብቶ አያይም፤ ስለዚህ አብዛኛው ምርመራ በድርጅቱ ቢሮ መዝገብ በማገላበጥ፣ ሠራተኞችን በማነጋገርና ለተረጂዎች ስልክ በመደወል ላይ ያርፋል። ቁጥጥሩ ራሱም ጤነኛ አይደለም። የብሪታንያ መንግሥት ኬር ኳሊቲ ኮሚሽንን እንዲመረምሩ የሾማቸው ዶክተር ፔኒ ዳሽ በ2024 ባቀረቡት ዘገባ፣ ኮሚሽኑ ሊመረምራቸው ከሚችላቸው ተቋማት ከአምስቱ አንዱ ገና ደረጃ ተሰጥቶት እንደማያውቅ አስታውቀዋል።

ታዲያ ምን ይለካ? በቤይሩት ተወልደው በአሜሪካው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ሐኪም አቬዲስ ዶናቤዲያን በ1966 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ የሕክምናን ጥራት በሦስት በኩል ማየት እንደሚቻል አሳዩ፦ በመዋቅር፣ በሂደትና በውጤት። መዋቅሩ ለመቁጠር ቀላል ነው። ለምሳሌ በአሜሪካ በዋነኛነት የአረጋውያን የመንግሥት ጤና መድን ከሆነው ሜዲኬር ጋር ለሚሠራ ድርጅት የምትሠራ የቤት ውስጥ ጤና ረዳት ቢያንስ 75 ሰዓት መሠልጠን አለባት። ሂደቱ ከዚያ ይከብዳል። ውጤቱ ደግሞ ያሳስታል፤ የመርሳት በሽታ እየገፋባቸው ያሉ አዛውንት የቱንም ያህል ቢታገዙ በየወሩ ሊደክሙ ይችላሉ፤ ድካማቸውም የረዳታቸው ጥፋት አይደለም።

መንግሥታት ሂደቱን ለመያዝ የቀለላቸውን መንገድ መርጠዋል፤ ሰዓትን። በታኅሣሥ 2016 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የአሜሪካ ሕግ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው በተዘጋጀው የመንግሥት ጤና መድን በሜዲኬይድ የሚከፈል የግል እንክብካቤ ጉብኝት በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲረጋገጥ ያዛል። የሚመዘገበው የአገልግሎቱ ዓይነት፣ ተቀባዩ፣ ሰጪው፣ ቀኑ፣ ቦታው፣ የተጀመረበትና ያለቀበት ሰዓት ነው። በዋሽንግተንና በአካባቢው በዚህ ሙያ የተሰማሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን አሠራሩን በሚገባ ያውቁታል። ያልተሠራ ሰዓት እንዳይከፈልበት ማድረጉ ጥቅም ነው። ሠራተኛዋ መድረሷን እንጂ ከደረሰች በኋላ ያደረገችውን ግን አይነግርም።

ሰዓት ጠቃሚ የሚሆነው የሰውን ፍላጎት ሲከተል ነው። የእንግሊዝ የጤናና የእንክብካቤ መመሪያ አውጪ የሆነው ናይስ በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ከግማሽ ሰዓት ያነሰ ጉብኝት ተረጂው በሚያውቀው ሠራተኛ፣ ለተወሰነ ሥራ፣ የሰፊ እንክብካቤ አካል ሆኖ ካልሆነ በቀር እንዳይደረግ መክሯል። የተቀያየሩ ሠራተኞችን ጉዳይም አልዘለለውም፤ ሌላ ሰው የሚመጣ ከሆነ ተረጂው አስቀድሞ እንዲነገረው ይጠይቃል።

ከመለኪያዎቹ ሁሉ ወደ ጉዳዩ ልብ የሚጠጋው በኬንት ዩኒቨርሲቲ የተሠራውና «አስኮት» በሚል ምሕጻረ ቃል የሚጠራው ነው። ስለ ስምንት የሕይወት ዘርፎች ይጠይቃል፦ በየዕለት ኑሮ ላይ ስላለ ሥልጣን፣ ስለ ሰውነት ንጽሕና፣ ስለ ምግብና መጠጥ፣ ስለ ደኅንነት፣ ስለ ማኅበራዊ ግንኙነት፣ ስለ ቀን ውሎ፣ ስለ ቤት ንጽሕናና ስለ ክብር። የክብሩ ጥያቄ ሁለት ገጽታ አለው፤ በመረዳትዎ ስለ ራስዎ ምን ይሰማዎታል? የሚረዱበት መንገድስ ስለ ራስዎ ምን እንዲሰማዎ ያደርጋል? እርዳታው ባይኖር ኑሮው ምን ይሆን እንደነበርም ይጠየቃል፤ አሁን ባለው ኑሮና በዚያ መካከል ያለው ልዩነት አገልግሎቱ የጨመረውን ያሳያል። በዚህ መንገድ በሽታው እየጸና የሄደ ሰው የሚያገኘው መልካም እንክብካቤም ዋጋ ያገኛል።

ተረጂውን መጠየቅም የራሱ ጣጣ አለው። የ2011ዱ ዘገባ ብዙ አረጋውያን አቤት የማይሉት ሠራተኛዋን ችግር ላይ እንዳይጥሏት ወይም ነገሩ በራሳቸው ላይ እንዳይመጣ ስለሚሰጉ መሆኑን አሳይቷል። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ይሉኝታ ብሎ በቀላሉ ያውቀዋል። አዲስ አበባ ነርስና አስታማሚ ወደ ቤት የሚልኩ ድርጅቶች ባሉበት፣ ልጆች ከባሕር ማዶ ሆነው ለወላጆቻቸው ሰው በሚቀጥሩበት በዚህ ዘመን ጉዳዩ ለእኛም ቅርብ ነው። «እማዬ፣ በደንብ ትይዝሻለች?» ተብለው የተጠየቁ እናት «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምን ጎድሎብኝ» ከማለት ሌላ ብዙም አይሉም። ምዘና የሚሆነው ጥያቄ ወደ ትናንት ይወርዳል፤ ቁርስ ስንት ሰዓት ቀረበ? ስትታጠቢ በሩ ተዘግቶ ነበር? የምትለብሺውን ማን መረጠ? ሌሊት ስትጣሪ ማን መጣ? አስታማሚዋ በሌለችበት ሰዓት ቢጠየቅ ደግሞ መልሱ ይበልጥ ይታመናል። ለእሷም የተለየ ጊዜ ያስፈልጋታል፤ አሮጊቷን ብቻዋን ማንሳት ትችል እንደሆነ፣ ሌሊት ስንት ሰዓት እንደምትተኛና በሳምንት ዕረፍት ይኖራት እንደሆነ ልትጠየቅ ይገባል።