ሚሲዮናዊው ፍላድና የእኛ ነገር



እዚህ ቤር ሸቫ በሽማግሌዎቻችን ፊት «ሚሲዮን» የሚለውን ቃል ማንሳት ይከብዳል። የስንቱ ቤተሰብ ጉዳይ ከዚያ ቃል ጋር ተያይዟል። የነገሩን ሥር ብናውቀው ይሻላል ብዬ ስለ አንድ ሰው ልጽፍላችሁ ነው።

ዮሐን ማርቲን ፍላድ በ1831 የተወለደ ጀርመናዊ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በስዊስ፣ በቅዱስ ክሪስቾና ተማረ፤ የኢየሩሳሌሙ ጳጳስ ጎባት ልከውት በ1855 ኢትዮጵያ ገባ። ኋላም በደንቢያ፣ ጀንዳ ላይ በቤተ እስራኤል መካከል ተቀመጠ። ልጆችን ፊደል አስተማረ፣ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ አደለ። የእኛ ኦሪት በግእዝ ነበርና፣ ተራው ሰው በሚሰማው ቋንቋ ሲነበብለት መደነቁ አይቀርም።

አጼ ቴዎድሮስና አቡነ ሰላማ የፈቀዱለት ግን የሚያምነው ሁሉ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቅ ነው። ፍላድ ያስተማረውን ለሌላ ያስረክብ ነበር ማለት ነው!

መነኮሳቶቻችንም ዝም አላሉም። በ1862 ክርክሩ ንጉሡ ፊት ደረሰ። በዚያው ዓመት አባ ማህሪ ሕዝብ አስከትለው ቀይ ባሕርን ተሻግረው ኢየሩሳሌም ለመግባት ተነሡ፤ ብዙው በረሃብና በበሽታ መንገድ ላይ ቀረ።

በ1866 ቴዎድሮስ ፍላድን ወደ ንግሥት ቪክቶሪያ ላኩት። ሚስቱና ልጆቹ መያዣ ሆነው ቀሩ። እሱም ተመልሶ መጣ። በትምህርቱ ባልስማማም ይህን ሳስብ ሰውየውን አከብረዋለሁ። በ1868 መቅደላ ሲወድቅ ተፈታ፤ ከዚያ ወዲያ ኢትዮጵያ እንዲኖር ስላልተፈቀደለት ሥራውን ከአውሮፓ ሆኖ መራ። በ1915 አረፈ።

አገር ቤት ሥራውን የቀጠለው ፈረንጅ አይደለም፤ ከቤተ እስራኤል የተወለደው፣ በክሪስቾና የተማረው ሚካኤል አረጋዊ ነው። እስከ 1931 ኖሯል።

ሚሲዮኑ ያስጠመቀው ሰው ብዙ አልነበረም። ከ1888 ጀምሮ የመጣው ክፉ ቀን ግን የተራበውን በተነው፣ ሃይማኖቱንም ያስለወጠው ብዙ ነው። የእነዚህ ሁሉ ልጆች ኋላ «ፈላሻ ሙራ» ተባሉ። በግንቦት 1991 ዘመቻ ሰሎሞን 14 ሺህ ያህል ሰው ሲያነሳ፣ እነርሱ አዲስ አበባ ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሺህ መጥተዋል፤ ጎንደር ሆነው የሚጠብቁ ግን ዛሬም አሉ። እናት እዚህ፣ ልጅ እዚያ።